የሦስተኛው ገቢር ዝምታ

ሥራዬ የአንድ ቧልታይ ተውኔት ታሪክ ነው። ሌላ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ እኔ አልስቅም። ተውኔቱ ከመቶ ዓመት በፊት፣ በጋዝ መብራት ዘመን፣ ያቺ ለረጅም ዘመን የነገሠች ንግሥት በነበረችበት ጊዜ እዚሁ ለንደን ተጽፎ የታየ፣ በጋብቻ የሚያሾፍ፣ ባለ ሦስት ገቢር ድርሰት ነው። ታላቅ ድርሰት አይደለም። ታላቅ ቢሆን ኖሮ ለእኔ ባልተረፈ ነበር፤ ታላላቆቹን ስም ያላቸው ምሁራን እኔ ከመምጣቴ በፊት ተከፋፍለዋቸዋል። ለእኔ የደረሰኝ ማንም ያልፈለገው ነው። ማንም ያልፈለገውን ነገር በጥንቃቄ መያዝ ደግሞ እችልበታለሁ። የዶክትሬት ማዕረጌን በእሱ አገኘሁ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ነገር ትቶኝ ሲሄድ እሱ አልሄደም።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የተደላደለ ሰው ካገባ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ያጋቡት ቄስ መዝገቡ ላይ ሳይፈርሙ እንደ ቀሩ ይሰማል። ስለዚህ በሕግ ፊት አላገባም። በመጀመሪያው ገቢር ይደነግጣል። በሁለተኛው ይደሰታል፤ ሌላ ከተማ ሄዶ ለሁለት ሴቶች በአንድ ሳምንት ቃል ይገባል። በሦስተኛው ሁለቱም ያባርሩትና አጎቱን፣ ጠበቃውንና ያንኑ ቄስ አስከትሎ ወደ ሚስቱ ደጅ ይመለሳል። ቄሱ መዝገቡን ዘርግተው፣ ብዕር ይዘው ይቆማሉ። ሚስቲቱ ትፈርም እንደ ሆነ ትጠየቃለች። ትፈርማለች፤ መጋረጃው ይዘጋል፤ ተመልካቹም ረክቶ ወደ እራቱ ይሄዳል።

የተውኔት ታሪክ የሚጻፈው ከታተመው መጽሐፍ አይደለም። ከመድረኩ ጀርባ ከሚቀመጠው የሥራ ቅጂ ነው፤ ማን ከየት እንደሚገባ፣ መብራቱ መቼ እንደሚደበዝዝ፣ ወንበሩ ወዴት እንደሚዞር በእርሳስ የተሞላበት፣ ሻይና የሻማ ጠብታ ያረፈበት ቅጂ። የመጀመሪያው ትርዒት ቅጂ ከተማው መካከል ካለ አንድ ቤተ መዛግብት ምድር ቤት ውስጥ ይገኛል። ሚስቲቱ ከመፈረሟ በፊት ካለው ባዶ ስፍራ ላይ አንድ ሰው በደብዛዛ እርሳስ፣ ስምንት ትንፋሽ ትቆያለች፤ ማንም ቃል አያቀብላት ብሎ ጽፏል።

ማስጠንቀቂያው ለተዋናይዋ አይደለም። ከመጋረጃው ጎን መጽሐፉን ይዞ ለሚቀመጠው፣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ቃል ለሚያቀብለው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዝምታ ሲሰማ የሚጠረጥረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ረስታዋለች ይላል። እያሰበች ነው ብሎ አያውቅም። ልብ በሉ፤ በዚያች ቅጽበት ሴትዮዋ ሚስት አይደለችም። ባሏ ሁለት ገቢር ሙሉ የተንፈላሰሰበት ነጻነት ለእሷ የደረሳት በስምንት ትንፋሽ ተመጥኖ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቅጂዎች የሚነግሩኝ የዚህችን ዝምታ ማጠር ነው። በየአውራጃው እየዞረ ያሳየው ቡድን ስምንቱን ሰርዞ አምስት አደረገው። ሌላ አዘጋጅ ዝምታ ሲረዝም ተመልካቹ ማሳል ይጀምራል ብሎ ትንሽ ውሻ አስገባበት፤ ውሻው ወደ ባልየው ይሮጣል፣ ሰዉ ያጨበጭባል፣ ሚስቲቱ በጭብጨባው መካከል ትፈርማለች። በጦርነት ጊዜ ለወታደሮች ሲታይ ብዕሩን እንኳ ሳታይ ወደ እቅፉ ትሮጣለች፤ እነዚያን አልወቅስም፤ ወታደሮቹ በማግስቱ ወዴት እንደሚሄዱ ሁሉም ያውቅ ነበር። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከአንድ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ በነበረ ጠባብ መድረክ፣ አንዲት ወጣት አዘጋጅ ሚስቲቱ ብዕሩን ጥላ በሩን ዘግታ እንድትወጣ አደረገች። ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። በሩን ዘግቶ መውጣትም ከአዘጋጅ የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ ለማሰብ የተሰጠ ጊዜ አይደለም።

በዚያ ምድር ቤት ብዙ ከቆየሁ ጊዜው ይሟሟል። መብራቱ እንቅስቃሴ ካላየ በራሱ ይጠፋል፤ ሳልነቃነቅ የማነብ ሰው በመሆኔ በየሩብ ሰዓቱ ይጨልምብኛል። እጄን አንሥቼ ካወዛወዝኩ ይመለሳል። አንዳንድ ቀን አላነሣም። በጨለማው ውስጥ የወረቀቱ ሽታ ይቀርባል፣ በላዬ የሚያልፈው ባቡር እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይሰማል፣ እኔም የመጀመሪያዋን ተዋናይ አያታለሁ። ምስሏን አግኝቼ አላውቅም። ነገር ግን እጇን በጓንት ውስጥ ሲያልበው፣ የጋዙ መብራት ፊቷን ሲያሞቀው፣ ሦስት ብላ አራት ስትል ይታወቀኛል። ስምንት ስትደርስ ምን እንደምትል ለማየት ስጠጋ ሁልጊዜ ሌላ አንባቢ ይገባና መብራቱ ይበራል።

እሑድ እሑድ ተውኔቱ የታየባቸውን ቤቶች ፍለጋ እዞር ነበር። አብዛኞቹ የሉም። አንደኛው ስፖርት መሥሪያ ሆኗል፤ መድረኩ በነበረበት ቦታ ሰዎች ተሰልፈው ማሽን ላይ ይሮጣሉ፣ የትም አይደርሱም። ሌላው መስታወት የለበሰ ፎቅ ነው፤ የሚሽከረከረው በሩ ሰዎችን እያስገባ መልሶ ያስወጣል። ጭጋግ ባለበት ጠዋት ከፊቱ ቆሜ የድሮውን ሕንጻ በልቤ መልሼ እተክለው ነበር፤ መጀመሪያ ደረጃውን፣ ከዚያ ፋኖሱን፣ ከዚያ ጠበብ ያለውን የተዋንያን በር። አንድ ጥበቃ፣ ሰው እየፈለግሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነበር።

ባሌ ተዋናይ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት አዲስ አበባ መድረክ ላይ ነው፤ ድምፁ ኋለኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠን ሰው አንገት ቀና ያደርግ ነበር። ለንደን ግን ለዚያ ድምፅ ሥራ አልነበራትም። ሂትሮው አየር ማረፊያ ሴኩሪቲ ገባ፤ ቀበቶ ይውለቅ፣ ኪስ ይራገፍ፣ ውኃው ይጣል እያለ ዘጠኝ ዓመት አሳለፈ። ማታ ማታ ያን ድምፅ ወደ ቤት ይዞት ይመጣል፤ ዊልስደን ያለችው ጠባብ ቤታችን ደግሞ አትበቃውም ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ወጣ። ከሰዓት በኋላ ደወለ። ከአየር ማረፊያው መደወሉ አላስገረመኝም፤ ያስገረመኝ ከየትኛው ወገን እንደሚደውል ነው። የሰው ሻንጣ ሲፈትሽ የኖረ ሰው የራሱን አስፈትሾ አልፎ ነበር። አዲስ አበባ በሚቀረጽ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ሚና አግኝቷል። ለወራት ሲነጋገርበት ቆይቶ ለእኔ የነገረኝ ሊሳፈር ሲል ነው።

«ብነግርሽ ታስቀሪኝ ነበር» አለ።

አላስቀረውም ነበር። ይቅር ያላልኩት መሄዱን አይደለም፤ እንደማላስቀረው አለማወቁን ነው። አሥር ዓመት አብሮኝ ኖሮ፣ ምን ልል እንደምችል ሳይጠይቀኝ በእኔ ፈንታ መለሰ።

አሥራ አራት ወር ቆየ። የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ በመኪና አደጋ ሲሞት ተመለሰ። እዚሁ ለንደን፣ ቶተንሃም የአክስቱ ልጅ ቤት አረፈና ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። የሚበልጡት በአገር ቤት ዳኛ የነበሩ፣ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሁለተኛው የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ሦስተኛው ትንሽ የሚናገሩ፣ ብዙ የሚያለቅሱ የዕድር ሰው ናቸው። ጥሩ ሰዎች ናቸው። በሬን ከፈትኩ፣ ሻይ አቀረብኩ፣ ስለ ጉልበታቸው ጠየቅሁ፤ ወደ ጉዳዩ ሲገቡ ግን በዚህ ነገር አልቀመጥም አልኳቸው። ሁለተኛም መጡ፣ ሦስተኛም መጡ። መልሴ ያው ነበር።

ምክንያቴን ለማንም አልተናገርኩም። ሽምግልና ውስጥ፣ አይሆንም የሚል መልስ የሚቀመጥበት ወንበር የለውም። ሽማግሌ ሊጠይቅ አይመጣም፤ ሊለምን ነው የሚመጣው። እሺ እስክትይ ይቆማል፤ የቆመ ሽማግሌ ፊት ደግሞ የሚያስብ ሰው አይኖርም፤ የሚያፍር ሰው ብቻ ነው ያለው። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ባሌ ወደ ቤቱ ይመለስ ወይስ አይመለስ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልመልስ ስቀር ሰዎች ትዕቢት አሉት። እውነቱ መልሱን አላውቀውም ነበር፤ ቆመው በሚጠብቁኝ ሰዎች ፊት ደግሞ ላውቀው አልችልም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቆሞ ሳለ የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ደወሉልኝ። ሽማግሌና ወጣት አብሮ የሚያየው ተውኔት ለማዘጋጀት አስበዋል።

«ዶክተር፣ ንጹሕ ቀልድ ይሁን» አሉኝ። «ቄሱም ጴንጤውም አንድ ላይ የሚስቅበት።»

የማውቀው ንጹሕ ቀልድ አንድ ብቻ ነው። በሁለት ወር ተረጎምኩት። ያልፈረሙትን ቄስ ያልፈረሙ የሰማንያ ምስክሮች አደረግኳቸው። አጎቱ፣ ጠበቃውና ቄሱ ግን አስቸገሩኝ፤ እንዳሉ ወደ አማርኛ ቢገቡ ተመልካቹ እነዚህ ደግሞ ምን ሊያደርጉ መጡ ይላል። ሴት ሊለምኑ የሚመጡ ሦስት ወንዶች በእኛ ዘንድ ስም አላቸው። ሽማግሌ አልኳቸው። ባልየውንም በልማዱ ድንጋይ አሸክሜ አቀረብኩት። ትርጉሙ ፍጹም ትክክል ነበር፤ ስሕተቴም እዚያው ላይ ነው። ጠበቃ በመድረክ ላይ ቢለምን ጠበቃ የሚጫወት ሰው ነው። ሽማግሌን ግን እንዴት ይጫወቱታል?

የማኅበሩ ሰዎች የባልየውን ቦታ ለባሌ ሰጡት። በዚህ ከተማ ሌላ የተማረ ተዋናይ የለንም አሉኝ፤ እውነት ነው። ከመጋረጃው ጎን መጽሐፉን ይዤ ቃል የማቀብለው እኔ እንድሆን፣ ከእሱም ጋር ከተጻፈው ውጭ እንዳልነጋገር ጠይቄ ተስማማሁ። ለሽማግሌነቱ መጀመሪያ ሦስት ወጣቶች የጥጥ ጢም ለጥፈው መጡ። የሚያዩዋቸው ሁሉ ገና ሳይናገሩ ሳቁ። በሁለተኛው ልምምድ ላይ ጋቢ ለብሰው የገቡት እውነተኞቹ ነበሩ፤ እነዚያው ቤቴ የመጡት ሦስቱ። ማን እንደ ጠራቸው የሚነግረኝ አላገኘሁም።

የሚጫወቱ አይመስሉም ነበር፤ ምክንያቱም አይጫወቱም። አገባባቸው፣ አቋቋማቸው፣ አንዱ ሲናገር ሌላው መሬት መሬት ማየቱ፣ ሁሉም ልክ ነው። ጠብ የተነሣው ምርቃቱ ላይ ነው። የቀድሞው ዳኛ ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝ።

«ልጄ፣ ድንጋዩንም ይሸከም፣ ጋቢውንም እንልበስ። ምርቃት ግን በውሸት አይመረቅም። ካፍ ከወጣ ወጣ ነው።»

ተውኔት መሆኑን፣ የሚመርቀው እሳቸው ሳይሆኑ የሚጫወቱት ሰው መሆኑን አስረዳኋቸው።

«ታዲያ እግዜር የማንኛችንን ይስማ?» አሉኝ።

 በመጨረሻ የጻፍኩትን ሰርዤ፣ በዚህ ስፍራ ይመርቃሉ ብቻ ብዬ ተውኩት። ማንን እንደሚመርቁና ምን ብለው እንደሚመርቁ የራሳቸው ፋንታ ሆነ።

ሚስቲቱን የምትጫወተው እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋ የምታጠና ነርስ ነበረች። ብልህ ልጅ ናት፤ ዝምታውን ግን አልቻለችውም። ሁለት ትንፋሽ እንኳ ሳትሞላ እፈርማለሁ ትላለች።

«እትዬ፣ ኦክዋርድ ነው እኮ» አለችኝ። «ሁሉም ያየኛል።»

ሆስፒታል የበሽተኛ ትንፋሽ እንዴት እንደምትቆጥር ጠየቅኳት። እጁን ይዛ የልብ ምቱን የምትለካ መስላ በልቧ እንደምትቆጥር፣ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ ትንፋሹ እንደሚቀየር ነገረችኝ። እንዲያ አድርጊው አልኳት፤ የሰዉን ትንፋሽ ቁጠሪ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቻለች።

እነዚያን የልምምድ ሳምንታት አሁን ሳስባቸው ውኃ ውስጥ ሆኜ ያየኋቸው ይመስሉኛል። አዳራሹ ቶተንሃም ነው፤ ጠዋት ሥርዓተ ጸሎት የሚደረግበት፣ ከሰዓት በኋላ ለእኛ የሚለቀቅ። ከፍ ብለው በተሠሩት መስኮቶች የክረምት ፀሐይ እንደ ቀጭን ሻይ ትፈስሳለች። እኔ ከመጋረጃው ጎን ዝቅ ያለች ወንበር ላይ፣ እሱ አራት እርምጃ ርቆ። በሕይወቱ ቃል ጠፍቶት የማያውቅ ሰው ይጠፋው ጀመር። ዘወር ሳይል ጣቱን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ እኔ አቀብለዋለሁ፤ እሱ ተቀብሎ ያሰማዋል። ከከንፈሬ እንደ ሹክሹክታ የወጣው በእሱ ደረት አልፎ አዳራሹን ይሞላል። ሁለት ዓመት ያልተነጋገርነውን ያህል ተነጋገርን፤ ነገር ግን አንዲቷም ቃል የእኛ አልነበረችም። ወደ ዊልስደን ስመለስ አውቶቡሱ ፎቅ ላይ ተቀምጬ፣ መስኮቱ በትንፋሽ ደብዝዞ፣ የማቀብለው ቃል አልቆብኝ እሱ አፉን ከፍቶ ሲጠብቀኝ በእንቅልፌ መካከል አየሁ።

የትርዒቱ እሑድ አዳራሹ ሞላ። ልጆች ከፊት ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ ከኋላ ቆመው የቀሩም ነበሩ። በሁለተኛው ገቢር የሳቁት ሳቅ ዕቃ ያንቀጠቅጣል፤ ከእነሱ መካከል የእኔን ነገር የማያውቅ እንዳልነበረ ግን ሳቃቸው ጫፍ ላይ ይታወቅ ነበር። ባልየው ነጻ ወጣሁ ብሎ ሲጨፍር አንዲት ሴት ጮክ ብላ፣ ይኼማ ልምድ አለው አለች፤ ያን ያህል ሳቅ ያስነሣ ቃል እኔ አልጻፍኩም።

ሦስተኛው ገቢር መጣ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ ሳቁ በራሱ ረገበ። ባሌ ድንጋዩን በማጅራቱ ተሸክሞ ተንበረከከ። ስፖንጅ ተሠርቶለት ነበር፤ በዋዜማው ግን ከአክስቱ ልጅ ጓሮ እውነተኛ ይዞ መጣ፤ ስፖንጅ አንገት አያጎብጥም ብሎ። የቀድሞው ዳኛ ሰማንያውን ዘርግተው ልጅቷን ጠየቋት። እሷም ዝም አለች።

አንድ። ሁለት። በሦስተኛው ትንፋሽ ፊት ረድፍ ላይ የነበሩ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ።

«ልጄ፣ ስለ እመቤቴ እሺ በያቸው። ሽማግሌ እኮ አይቆምም።»

ጥቂቶች ሳቁ። ከዚያ ሌላዋ ተነሣች፣ ከዚያም አንድ ጎልማሳ፣ ከዚያ ብዙ ሰው። ማንም አልቀለደም። ይህን ተውኔት ያየ ተመልካች ሁሉ፣ በውሻም በጭብጨባም፣ ያችን ዝምታ ለማሳጠር የደከመ ነው፤ ቆሞ የለመነ ግን የእኛ ብቻ ነው። በአምስተኛው ላይ ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ዐይኗ ቃል ስጪኝ ይላል። ራሴን ነቀነቅሁ። በዚያው ቅጽበት ባሌም ከድንጋዩ ሥር ቀና ብሎ አየኝ፤ ያ የሚጫወት ሰው ዐይን አልነበረም። የቀድሞው ዳኛ አተያዩን ተከትለው መጋረጃው ጎን ያለሁትን አገኙኝ። ሁለት እርምጃ ቀረቡ፤ ሰዉ እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንቺስ ልጄ? እኛ እንደ ሆን ቆመናል።»

አዳራሹ ከእኔ እየራቀ ሄደ። መጽሐፉ ጭኔ ላይ ነበር፤ ፊደሎቹን አያለሁ፣ አላነብባቸውም። አሜን ለማለት የተዘጋጀ ሁለት መቶ አፍ ከመጋረጃው ማዶ ሲተነፍስ ይሰማኛል። እሺ ማለት ይቀል ነበር። እሺ ልል እንደ ነበረ አልደብቅም፤ ባሌን ፈልጌ ሳይሆን የሰባ ስምንት ዓመት ሰው በእኔ ምክንያት ስለቆሙ።

ያን ጊዜ ድንጋዩ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ። በልማዳችን ተበዳይ እሺ ሳይል ድንጋይ አይወርድም። ባሌ አውርዶታል። ተነሥቶ ቆመ፣ ፊቱን ወደ ሦስቱ አዞረ፤ በተውኔቱ ውስጥ ያልነበረ፣ እኔም ያላቀበልኩት ቃል ተናገረ።

«አባቶቼ፣ ተቀመጡ። እናንተ ቆማችሁ እሷ ልታስብ አትችልም።»

ለማንም ያልነገርኩትን ተናገረው። ከየት አመጣው ብዬ ዛሬም እጠይቃለሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ የሒሳብ መምህሩ መጀመሪያ፣ በመጨረሻም ዳኛው፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አዳራሹም እነሱን አይቶ ተቀመጠ። ልጅቷ ከመጀመሪያው ጀመረች። እኔ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ትንፋሽ ቆየች። የመጀመሪያው ምሽት ዝምታ እንኳ ይህን ያህል አልቆየም። ከዚያ ቀስ ብላ እፈርማለሁ አለች፤ ሰዉም አዳራሹን በእልልታ አናጋው።

ዳኛው ለመመረቅ ተነሡ። የተለያየውን ያገናኝ አሉ፤ አሜን ተባለ። ቀጥለውም፣ መገናኘት ያልሆነለትንም በሰላም ያኑረው አሉ። በዕድሜዬ ሙሉ ሽማግሌ እንዲህ ሲመርቅ ሰምቼ አላውቅም። ሰዉ ግራ ተጋብቶ ዘገየ፤ ከዚያ አሜን አለ።

ወንበር ሲነሣሣ ባሌ ወደ እኔ መጣ። ማጅራቱ ላይ ድንጋዩ የተጫነበት ቀልቶ ነበር። አንድ ወንበር መልሶ ዘረጋና ተቀመጠ፤ እኔም ተቀመጥኩ።

«ልመለስ?» አለኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በሽማግሌ አፍ፣ በዘመድ አፍ፣ በስልክ ተለምኜ ነበር እንጂ እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም። ሐሙስ እነግርሃለሁ አልኩት። ደህና አለ።

እነዚያን አራት ቀናት ሥራ አልገባሁም። ዊልስደን ዋናው መንገድ ላይ እየወጣሁ እየተመለስኩ ሄድኩ። ዝናብ ነበር፤ የሱቆቹ መብራት ረጥቦ መንገዱ ላይ ይተኛል፤ ሰው ሁሉ ድምፅ የሌለው ይመስላል። ከምርምር ሥራዬ ሁሉ ይህን ያህል በጥንቃቄ የመረመርኩት የለም። እሱን አልነበረም የምመረምረው። እሱ አሁን እንደ ገባው አይቻለሁ፤ በሁለት መቶ ሰው ፊት ልማድ አፍርሶ ጊዜ ሰጥቶኛል። የምፈልገው ያን ቀን ስልኩን የዘጋችውን፣ አሥራ አራት ወር ሙሉ የበር ድምፅ ያዳመጠችውን ሴት ነበር። በየክፍሉ ፈለግኳት። እሱ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ መቼ እንደ ደረደርኳቸው አላስታውስም። ያለ እሱ ድምፅ ቤቱ ጠባብ አልነበረም።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ መጣ። ኮቱን ሳያወልቅ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ተቀመጥ አልኩት።

«አትመለስ» አልኩት። «ስትጠብቅህ የነበረችውን ሴት ፈልጌ አጣኋት። ብትኖር እሺ ትልህ ነበር።»

«መቼ ሄደች?»

«አላየኋትም።»

 ለሽማግሌዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ አለ፤ ጥፋቱ የእሱ ስለሆነ። መልሱ የእኔ ስለሆነ እኔ እነግራቸዋለሁ አልኩት። እሱ ፊት ደወልኩ። የቀድሞው ዳኛ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ይህን ያህል ዘመን ለምን አንገላታሽን ታዲያ ልጄ?» አሉ፣ ያለ ቁጣ።

«አባባ፣ እርስዎ ለመኑኝ እንጂ አልጠየቁኝም።»

 ከዚያ ቁርጥን ማወቅም ደግ ነው አሉና፣ እሱ አጠገቤ እንዳለ ጠየቁኝ። አለ አልኳቸው። አቅርቢልኝ አሉ። ስልኩን ሰጠሁት፤ ምን እንዳሉት አላውቅም፤ እሱ ግን እሺ አባቴ፣ እሺ አባቴ ሲል ሰማሁት።

ወፍራም ካፖርቱንና አንድ ካርቶን የድሮ ቃለ ተውኔት ይዞ ወጣ። ካርቶኑን እስከ ደጅ አብሬው ያዝኩለት። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ፌርማታው ከቤቴ ፊት ለፊት ነው። ካርቶኑን እግሩ ሥር አስቀምጦ ይጠብቃል፤ ዝናቡ ቆሟል፣ መንገዱ ያበራል። የመጀመሪያው አውቶቡስ ሞልቶ ስለነበር አለፈው። ሁለተኛው እስኪመጣ ከመስኮቱ አልራቅሁም።